መደርደሪያው ከወደቀ ወዲህ፦ የአደራ ጃሮቻችንን ከወለል ለማንሳት ሦስተኛ የድጋፍ ጥሪ

ውድ የክበባችን አባላትና ወዳጆች፣

ይህ ሦስተኛው ጥሪያችን ነው። ደጋግሞ መለመን ሰሚውን እንደሚያሰለች እናውቃለን፤ ለማኙንም ያሰለቻል። ነገር ግን ከጣራው ፍሳሽና ከመደርደሪያው መውደቅ የተረፉት አሮጌ የምግብ ማሸጊያ የመስታወት ጃሮች ዛሬም ካርቶን ውስጥ ናቸው፤ ካርቶኑም ሲሚንቶ ወለል ላይ ነው። ዝርዝሩን አንብቦ ለመጨረስ ጊዜ የሌለው ሰው ይህችን ብቻ ይያዝልን፦ የክበቡ የሒሳብ ቁጥር አንድ ነው፤ በአባልነት ደብተራችሁ የመጨረሻ ገጽ ላይ የታተመው። በምክንያት መጻፊያው ላይ «መደርደሪያ» ብላችሁ የአባልነት ቁጥራችሁን ጨምሩ።

«እንዴት ወደቀ?» ለሚለው ጥያቄ ደግመን እንመልስ። የድሮው መደርደሪያ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቺፕውድ ነበር፤ ርዝመቱ 120 ሴንቲ ሜትር፣ መሐሉ ላይ ምንም ድጋፍ የለውም። አንድ ሊትር ሊሞላ ጥቂት የሚቀረው ኳርት ጃር ከነዚንክ ክዳኑ ግማሽ ኪሎ አካባቢ ይመዝናል፤ የጎኑም ስፋት 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ 12 በ3 ስትደረድሩት 36 ጃር፣ 18 ኪሎ ይሆናል። ይህን ያህል ይችል ነበር። ቦታ ሲጠበን ግን ካርቶን አንጥፈን ሁለተኛ ድርብ ጫንንበት፤ ክብደቱም 36 ኪሎ ገባ። ይህ የኮሚቴው ጥፋት ነው፤ ጣራው ላይ አናላክክም። ቺፕውድ ሲከብደው ቶሎ አይሰበርም፤ በወራት ውስጥ እየጎበጠ ይሄዳል፤ ጎብጦም አይመለስም። ውሃው ከኮርኒሱ ወርዶ ጠርዙን ሲያገኘው እንደ ረጠበ ዳቦ አበጠ፤ የያዙት የፕላስቲክ ችካሎችም ከቀዳዳቸው ወጡ። የላይኛው በሁለተኛው ላይ፣ ሁለተኛው በሦስተኛው ላይ ወረደ።

ስባሪውን ለምን እንዳልጣልነው የጠየቃችሁ አላችሁ። የጃር ቂጥ ከሙሉው ጃር የማይተናነስ ማስረጃ ነው። የሞልዱ (መስታወቱ የተቀረጸበት ቅርጽ) ቁጥር፣ ማሽኑ የተወው ጠባሳ፣ የመስታወቱ ውፍረት ሁሉ እዚያ ይነበባል። ቂጦቹን አጥበን፣ ስለታቸውን በውሃ በሚሠራ ብርጭቆ ወረቀት አብርደን ለማስተማሪያ አስቀምጠናቸዋል።

አሁን ስለሚያስቸኩለው ነገር። መስታወት ድንጋይ አይደለም፤ ይታመማል። እርጥበት ፊቱ ላይ ሲቆይ ከውስጡ ሶዲየም ይስባል፤ የወጣው ሶዲየም እዚያው ከውሃው ጋር ተቀላቅሎ መልሶ መስታወቱን ይበላዋል። ክዳን ከተገጠመበት ደግሞ እርጥበቱ መውጫ ስለማያገኝ ይብሳል። መጀመሪያ የሚታየው ጭጋግ የመሰለ ነገር ነው። እቤታችሁ ያለውን እንዲህ መርምሩት፦ ጭጋጉን በውሃ አርጥቡት። ሲረጥብ ጠፍቶ ሲደርቅ ከተመለሰ፣ የመስታወቱ ፊት ራሱ ተበልቷል፤ ኮምጣጤ አያወጣውም። በኮምጣጤ ቀስ እያለ የሚለቅ ከሆነ ግን የውሃ ኖራ ነው፤ ደስ ይበላችሁ። ካርቶን ውስጥ ካሉት የኛ ጃሮች አንዳንዶቹ የመጀመሪያውን ምልክት ማሳየት ጀምረዋል። ክዳኑን ከሁሉም ላይ አንስተናል። የዚንክ ክዳኖቹም ነጭ ዱቄት እያወጡ ነው፤ ካርቶን በራሱ አሲድ ስላለው ዝገቱን ያፋጥነዋል። ሽቦ መቆለፊያ ያላቸው፣ ላይትኒንግ የሚባሉት፣ ሽቦአቸው ዝጎ አንገታቸው ላይ ቡናማ መስመር እየተወ ነው። ቀጣዩ ዝናብ እዚያው ወለል ላይ ካገኛቸው የምናድነው ነገር ያንሳል።

ባለፉት ሁለት ጥሪዎች የተሰበሰበው የት ገባ? ይህን ጥያቄ በቅሬታ ያነሳችሁትንም በቅንነት ያነሳችሁትንም እኩል እናመሰግናለን። ገንዘቡ ጣራው ላይ ነው። የሚያፈስ ጣራ ሥር መደርደሪያ መሥራት ገንዘብ መጣል ስለሆነ ከላይ ጀመርን፤ የዛጉት ቆርቆሮዎች ተቀየሩ፣ አሸንዳው በትክክለኛው ዘቅዛቃ ተሰቀለ፣ የሚስማሩ ቀዳዳዎች በጎማ ተደፈኑ። ከዚያ በተረፈው ከ14ቱ የመደርደሪያ ክፍሎች 6ቱን አቆምን። እዚያ ላይ ቆመናል። ደረሰኞቹ በፋይል ተቀምጠዋል፤ መጥቶ ማየት ለሚፈልግ አባል ሁሉ ክፍት ናቸው።

ከአደጋው በፊት ስላወጣናቸው ሁለት ወጪዎችም አሁን መነታረክ ተጀምሯል። አንደኛው መስኮቱ ላይ የለጠፍነው የፀሐይ ጨረር ማጣሪያ ነው። «ጌጥ ነው» ተባለ። የድሮ መስታወት ሠሪዎች አሸዋው ውስጥ ያለው ብረት የሚሰጠውን አረንጓዴ ለማጥፋት ማንጋኒዝ ይጨምሩ ነበር። ማንጋኒዝ ያለበት ነጭ (ቀለም የሌለው) ጃር ፀሐይ ሲመታው በጊዜ ብዛት ሐምራዊ ይሆናል፤ የሆነው ደግሞ በማጠብ አይመለስም። ይህን የሚያውቁ ነጋዴዎች ርካሹን ነጭ ጃር በጨረር አስመትተው ድፍን ሐምራዊ ወይም ቡናማ ካደረጉት በኋላ «ብርቅ ቀለም» ብለው ይሸጡታል። በክምችታችን ውስጥ ከአንድ ዓይነት ሞልድ የወጡ ሦስት ጃሮች ጎን ለጎን አሉ፤ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ፀሐይ ያቀለመው ፈዛዛ ወይን ጠጅ፣ አንዱ በጨረር የጠቆረ። ሦስቱን ብርሃን ላይ አንድ ጊዜ ያየ አባል ዳግመኛ አይታለልም። ማጣሪያው ባይኖር ነጩ ነጭ ሆኖ አይቆይም ነበር።

ሁለተኛው የማጠቢያ ማሽኑ ነው። ጃሩ በሲሊንደር ውስጥ ታስሮ ይገባል፤ በውስጡም በውጭውም ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር የተቆራረጠ የመዳብ ሽቦ፣ ውሃና የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ዱቄት ይጨመራል፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ለቀናት ይሽከረከራል። መዳብ ከመስታወት ይልቅ ለስላሳ ስለሆነ አይቧጭርም፤ ሥራው ዱቄቱን ተሸክሞ ማሻሸት ነው። ስንጥቅ ያለበት ጃር ማሽኑ ውስጥ አይገባም፤ ለሁለት ተከፍሎ ይወጣል። ሻካራው ዱቄት ከተጨመረና ጊዜው ካለፈ ደግሞ ጃሩ ላይ ጎልቶ የወጣው ጽሑፍ ጠርዝ ይደበዝዛል፤ ጽሑፉ የደበዘዘ ጃር ዋጋው ወረደ ማለት ነው። ስለዚህ በየቀኑ እየከፈቱ ማየት ያስፈልጋል። ማሽኑ ከአባላት የማጠቢያ ክፍያ የወጣበትን መልሷል። የታመሙትንም ወደፊት የምናክመው በእሱ ነው፤ ግን መጀመሪያ ደርቀው የሚቆሙበት ቦታ ያስፈልጋቸዋል።

«ጃሮቹን ሸጣችሁ ለምን አትጨርሱትም?» ያሉን አሉ። ድጋሚ የሆኑትን ሸጠናል። የቀሩት የአደራ ዕቃዎች ናቸው። ከቤተሰብ የተረከብናቸው፣ ባለቤቶቻቸው በሕይወት ሳሉ «ተማሩባቸው» ብለው የሰጡን ናቸው። አደራ በፈጣሪም በሰውም ፊት ያስጠይቃል፤ አደራን ሸጦ መደርደሪያ መግዛት ደግሞ ባዶ መደርደሪያ ማቆም ነው።

ደግሞም ይህ ክምችት ባይኖር የጃርን ዕድሜ ላዩ ላይ ባለው ጽሑፍ ብቻ የሚያምን ሰው ይበዛል። አሜሪካዊው ጆን ላንዲስ ሜሰን ክዳን የሚዞርበትን ባለ ጥርስ የጃር አንገት የፈጠራ መብት ያስመዘገበው በፈረንጆች ኅዳር 30 ቀን 1858 ነው፤ ያ ቀን ግን በተለያዩ ፋብሪካዎች ጃሮች ላይ እስከ 20ኛው መቶ ዘመን ድረስ ሲቀረጽ ኖሯል። ቀኑን አይቶ «የ1858 ጃር ገዛሁ» የሚል አዲስ አባል በየዓመቱ ይመጣል። የምናስተምረው በጣት ነው። አፉን ዳስሱት፤ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ከሻከረና ጥቃቅን ፍንጣሪ ካለው በአፍ ተነፍቶ፣ ከሞልዱ በላይ የተረፈው ተሰብሮ፣ ጫፉ በድንጋይ የተሞረደ ነው፤ ፍንጣሪው የሙያው ምልክት እንጂ ጉዳት አይደለም። የሞልዱ መስመር እስከ አፉ ጫፍ ከወጣና አፉ ለስላሳ ከሆነ ማሽን ሠርቶታል። ቂጡ ላይ ከመሐል ወጣ ያለ፣ ጠርዙ የተንዠረገገ ክብ ጠባሳ ካያችሁ ኦወንስ የሚባለው ጠርሙስ መሥሪያ ማሽን ሥራ ነው፤ ያ ጃር 1858 ይበል እንጂ ከ1903 አይቀድምም። ቂጡ ላይ 13 ቁጥር ያለበትንም «የገደ ቢስ ቁጥር ስለሆነ ሰዎች ሰባብረውታል፣ ብርቅ ነው» ብሎ አስወድዶ የሚሸጥ አይጠፋም፤ ቁጥሩ የሞልድ ቁጥር ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም። ሉዊስ ቦይድ በ1869 ያስመዘገበው ወተት የመሰለ የክዳን መስታወት ገበር፣ ፑትናም በ1882 ያስመዘገበው ባለ ሽቦ ላይትኒንግ፣ ከ1915 ወዲህ የመጣው ከር የሚባለው ጃር ሠሪ ጠፍጣፋ ክዳን፣ ሁሉም በቅደም ተከተል ተደርድረው የሚታዩት እኛ ጋ ነበር። አሁን «ጃር፣ ተጠንቀቁ» የተጻፈበት ካርቶን ነው የሚታየው።

የሚቀረው ሥራ እነሆ። 8 ክፍሎች፣ እያንዳንዱ 80 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ 5 ደርብ። ቋሚው የብረት ቱቦላሬ፣ ደርቡ 18 ሚሊ ሜትር ፕላይውድ። 122 በ244 ሴንቲ ሜትር ከሆነ አንድ ፕላይውድ 80 በ30 የሆኑ 12 ጣውላዎች ይወጣሉ፤ ስለዚህ ለ40 ጣውላ 4 ፕላይውድ ይበቃል፤ የሚተርፉት 8 ተሰንጥቀው ለፊት ለፊቱ 2 ሴንቲ ሜትር መከልከያ ይሆናሉ። የፕላይውዱ ጠርዝ በውሃ በሚቀጥን ቫርኒሽ ሁለት ጊዜ ይቀባል፤ የዘይቱ ሽታው ለወራት ስለማይለቅ ለዚንኩ አይስማማም። በላዩ 5 ሚሊ ሜትር የፖሊኤቲሊን ፎም ይነጠፋል። የጎማ ምንጣፍ አምጥታችሁ ለመስጠት ያሰባችሁ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ግን ጎማ መስታወት ላይ እድፍ ይተዋል። እያንዳንዱ ክፍል ከግድግዳው ጋር በ2 ፊሸር ይታሰራል፤ በድምሩ 16። የታችኛው ደርብ ከወለል 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል፤ ግማሽ ጋሎን የሚባሉት ትልልቆቹ እዚያ፣ ፓይንት የሚባሉት ትንንሾቹ ከላይ። አንድ ደርብ 24 ኳርት፣ 12 ኪሎ ብቻ ይሸከማል። ድርብ አይጫንም። ይህን በቃለ ጉባኤ አስፍረነዋል።

ያላችሁ አቅም የአንድ ጣውላ ወጪ ከሆነ አንድ ጣውላ ቻሉ። ከሁለት ሦስት ሆናችሁ አንድ ክፍል መቻልም ይቻላል። ፎም፣ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ሳጥን፣ ከአሲድ ነጻ የሆነ መጠቅለያ ወረቀት በዓይነት እንቀበላለን። ብየዳ የምትችሉ አንድ ቀን ጉልበታችሁን ስጡን። «ድር ቢያብር» የሚለውን አንደግምላችሁም፤ በሁለቱ ጥሪዎች ላይ ጽፈነዋል። በመጀመሪያው ጥሪ ስማችሁን አስመዝግባችሁ ገና ያልከፈላችሁትን ግን ስም ሳንጠራ እናስታውሳለን፦ ቃል የእምነት ዕዳ ነው። ፕላይውዱን ስናዝ የእናንተንም ቆጥረን ነበር።

ስለ ክፍያው እንደገና፦ በአባልነት ደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ ያለው ሒሳብ ብቻ። ገንዘቡ የሚወጣው በሁለት ፊርማ ነው፤ በሊቀ መንበሩና በገንዘብ ያዡ። ማንም ደውሎ «ቁጥሩ ተቀይሯል» ቢላችሁ ኮሚቴው እንዳልሆነ እወቁ፤ አልተቀየረም፣ አይቀየርምም። በእጅ ለመስጠት የምትፈልጉ ለገንዘብ ያዡ ብቻ ስጡ፤ ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትሂዱ። ምክንያቱ ላይ «መደርደሪያ» ካልተጻፈ ገንዘቡ ከወርሃዊ መዋጮ ጋር ስለሚቀላቀል እባካችሁ አትርሱት።

ለማሸግና ለማድረቅ ሥራ የምትመጡ ቀለበትና ሰዓት አውልቃችሁ ኑ። የጥጥ ጓንት ያንሸራትታል፤ ወይ ንጹሕ ደረቅ እጅ፣ ወይ የሐኪም ጓንት። ጃር ከአፉ አይነሳም፤ አንድ እጅ ከቂጡ፣ አንድ እጅ ከወገቡ። የተጣበቀ ክዳን ካጋጠማችሁ በቢላ አትፈልቅቁ፤ ጠርዙ ይሸረፋል። ዘቅዝቃችሁ ለብ ያለ የሳሙና ውሃ ውስጥ አሳድሩት፣ በማግስቱ በጎማ ጨርቅ ይዛችሁ አዙሩት። እምቢ ካለ ለእኛ ተዉት።

የክበቡ ኮሚቴ
(ሒሳቡ፦ የአባልነት ደብተር፣ የመጨረሻ ገጽ። ምክንያት፦ መደርደሪያ።)