«አይሆንም» ያለችኝ ልጅ

ለጋዜጣው አዘጋጅ

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ኦንላይን ግዢ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የማነበው ብር ተቀብሎ ስልኩን ስለሚያጠፋ ሰው ነው፣ እሱም ይጻፍ ልክ ነው፣ የኔው ጉዳይ ግን ትንሽ ለየት ይላል። ብሬን ማንም አልበላኝም። እቃውም በተባለው ቀን ሐዋሳ መናኸሪያ ደርሷል። ችግሩ ፎቶው ላይ ያለችው ሴትዮ እናቴ አይደለችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እማዬ 75 ዓመት ሲሞላት (እሷ ልደት ምናምን አታውቅም፣ የልጅ ልጆቿ ያመጡት ጣጣ ነው) እህትና ወንድሞቼ አዋጥተን አንድ ትልቅ የቤተሰብ ፎቶ ሳሎን እንስቀልላት ተባባልን። ፎቶው ሐይቁ ዳር የተነሳነው ነው፣ አሞራ ገደል ዓሣ በልተን ስንመለስ፣ እሷ መሀል ተቀምጣ እኛ ዙሪያዋን ቆመን። 60 በ90 ሴንቲ ይሁን አልን። እኔ ደሞ ቴሌግራም ላይ ካየኋቸው ማተሚያዎች ዋጋው ዝቅ ያለውን መርጬ፣ አዲስ አበባ ነው ያሉት፣ ፎቶውን ከቤተሰብ ግሩፓችን ላይ ፎርዋርድ አርጌ፣ ቀብዱን በቴሌብር ልኬ በቃ አለቀ። አምስት ደቂቃም አልፈጀ። አንድ ጥያቄ እንኳን አልጠየቁኝም፣ ያኔ እንደ ቅልጥፍና ነበር የቆጠርኩላቸው።

ጥቅልሉ ተፈቶ ሲዘረጋ መጀመሪያ ሁላችንም «እሰይ» አልን፣ ትልቅ ነገር መቼም ከሩቅ ያምራል። ከዛ እማዬ መነጽሯን አርጋ ጠጋ አለችና «ንቅሳቴን ማን ፋቀው?» አለች። እውነትም ልጅ ሆና ወሎ የተነቀሰችው ግንባሯ ላይ ያለው መስቀል የለም! ግንባሯ እንደ ሕፃን ለስልሷል፣ ዓይኗ ዳር ያሉት መስመሮች ጠፍተዋል፣ ጥርሷ ሙሉ ሆኗል (ሁለቱ ከወለቁ ቆይተዋል)። ከኋላ የቆመው ታናሽ ወንድሜ ደሞ ከቅንድቡ በላይ ተቆርጦ ቀርቷል። ደውዬ ስጠይቅ የማተሚያው ልጅ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው፣ «ጥራት ስላልነበረው በኤአይ አጠራንልህ፣ ለሱ እኮ ተጨማሪ ሂሳብ አልጠየቅንም»። ጭራሽ ውለታ ዋለልኝ።

ከተናደድኩ በኋላ ግን ምን እንደተፈጠረ ቁጭ ብዬ ሳጣራ ግማሹ ጥፋት የራሴ ሆኖ አገኘሁት። ቴሌግራም ፎቶን በፎቶነቱ ስትልኩት ጨምቆ ነው የሚያሳልፈው፣ ረጅሙ ጎን አብዛኛውን ጊዜ 1280 ፒክስል (ፎቶው የሚሠራባቸው ትንንሽ ነጥቦች ማለት ነው) ላይ ይወርዳል፣ ስልክ ላይ ስታዩት ምንም አይታወቅም። 90 ሴንቲ ላይ ሲለጠጥ ግን ለአንድ ኢንች የሚደርሰው 36 ነጥብ ገደማ ነው። አልበም ውስጥ በእጃችን ይዘን የምናየው ትንሽ ፎቶ 300 ቢያገኝ ነው ጥርት የሚለው፣ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሁለት ሜትር ርቀን የምናየው ከ100 እስከ 150 ካገኘ ይበቃዋል። 36 ሲሆን ኤአዩ፣ ማለትም ፎቶ የሚያጠራው የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ የጎደለውን በግምት ይሞላል፣ ያልነበረ ቆዳ ያልነበረ ጥርስ ይሠራል፣ ንቅሳት ደሞ ለሱ እድፍ ነው መሰለኝ ጠራርጎ ያወጣዋል። የልጅ ፊት ቢሆን ምናልባት አናውቅበትም ነበር፣ የ75 ዓመት ሴት ፊት ግን ያ መስመርና ያ ንቅሳት ከወጣ ምን ይቀራል?

የወንድሜ ግንባር ነገር ሌላ ነው። የስልካችን ፎቶ አብዛኛውን ጊዜ 4 ለ3 ነው፣ 60 በ90 ግን 3 ለ2። የኛ ፎቶ በጎኑ 90 ሴንቲ ከሆነ ቁመቱ ሳይቆረጥ 67 ሴንቲ ተኩል መሆን ነበረበት፣ ስለዚ 7 ሴንቲ ተኩል የሆነ ቦታ መቀነስ አለበት፣ የት እንደሚቀነስ ግን ማንም አልጠየቀኝም። 60 በ80 ቢያረጉት ማንም አይቆረጥም ነበር፣ ወይ ደሞ ዳርና ዳሩን ነጭ ጠርዝ መተው።

ሁለተኛ ዙር ላይ ዋጋ መጠየቁን ትቼ አንድ ነገር አረኩ። ያንኑ የተጨመቀ ፎቶ ሆን ብዬ ለሦስት ማተሚያዎች ላኩና 60 በ80 ይታተምልኝ አልኩ፣ ፈተና በሉት። ሁለቱ ወዲያው «እሺ፣ አካውንቱ ይሄ ነው» አሉ። ሦስተኛዋ ከሰዓት በኋላ ነው የመለሰችልኝ፣ «ጋሼ ይሄ አይሆንም፣ ኦሪጅናሉን ካነሳው ሰው ስልክ ላይ ፈልገው እንደ ፋይል ይላኩልኝ፣ ከሌለ በትንሹ እናትመዋለን እንጂ በዚህ መጠን አልሠራውም»። እጇ ሊገባ የነበረ ብር እየመለሰች እኮ ነው። እሷን መረጥኩ። ዋጋዋ ከፊተኛው ይበልጣል፣ ግን የፊተኛውን ብር መጣሌን ስደምረው ርካሹን በመምረጤ እንዳውም እኔ ነኝ የከሰርኩት።

ፎቶውን ያነሳችው የእህቴ ልጅ ናት፣ ደግነቱ ከስልኳ አላጠፋችውም፣ 4000 በ3000 ፒክስል። 80 ሴንቲ ላይ ለኢንች 127 ገደማ ይደርሳል፣ ይሄ በቂ ነው። ከዛ የማተሚያዋ ልጅ ጥያቄ አበዛችብኝ። የት ነው የሚሰቀለው? ፊት ለፊቱ መስኮት አለ? መስታወት ይኖረዋል? እኔ ግሎሲ ፈልጌ ነበር፣ ያብለጨልጫል ይደምቃል ብዬ፣ ሳሎናችን ግን በረንዳው በር ትይዩ ስለሆነ ፎቶው ሳይሆን የበሩ ነጸብራቅ ነው የሚታየው አለችኝና ማት (የማያብለጨልጨውን) አረግነው። የከሰዓት ፀሐይ በቀጥታ የሚያርፍበት ግድግዳ ከሆነ ደሞ የፈለገ ወረቀት ቢሆን ቀለሙ ይለቃልና ቦታ ቀይሩ አለች፣ ቀየርን። መስታወት ካረጋችሁ ፎቶው መስታወቱን እንዳይነካ መሀላቸው ክፍተት የሚሰጥ የካርቶን ጠርዝ ይግባበት፣ ይሄንን ሳትነግረኝም አውቀዋለሁ፣ የአባቴ የድሮ ፎቶ መስታወቱ ላይ ተጣብቆ ሲላቀቅ ግማሽ ኮቱ ቀርቷል።

አንድ ዘዴ ደሞ አስተማረችኝ፣ ለናንተ የጻፍኩትም በዋናነት ለዚ ነው። ሙሉውን ከማሳተማችሁ በፊት ከኦሪጅናሉ ላይ ፊት ያለበትን ቁራጭ ብቻ ቁረጡና በተራ 10 በ15 ሰፈራችሁ ያለ ፎቶ ቤት አሳትሙ። ለኔ 80 ሴንቲ 15 ሴንቲው ማለት 750 በ500 ፒክስል የሆነ ቁራጭ ነው። ትልቁ ሲታተም ያ ፊት ምን እንደሚመስል በልኩ ታዩታላችሁ፣ ግድግዳው ላይ በፕላስተር ለጥፋችሁ ራቅ ብላችሁ እዩት። የእማዬ ፊት በጣም ጠቁሮ ነበር የወጣው፣ ሐይቁ ከኋላ እያበራ ስለተነሳን፣ ስልኬ ደሞ ብራይትነሱ ጫፍ ላይ ስለሆነ አልታየኝም ነበር። በአንድ ትንሽ ፎቶ ዋጋ ተረፍን፣ ፊቷን አፍክታ አተመችው፣ ንቅሳቱን ሳትነካ።

«ሐዋሳ ውስጥ ማተሚያ ጠፍቶ ነው?» የሚለኝ ይኖራል። የጠየቅኳቸው ሁለት ቦታዎች ለዚህ መጠን ያቀረቡልኝ ባነር ነው፣ ባነር ለምረቃና ለሱቅ ፊት ጥሩ ነው፣ ሳሎን ግን ይሸታል ያብረቀርቃል። ፍሬሙን ግን እዚሁ ነው ያሠራሁት፣ ፎቶው በካርቶን ቱቦ ተጠቅልሎ በአውቶቡስ መጣ፣ መስታወት ተገጥሞለት ከ270 ኪሎሜትር በላይ ቢመጣ ኖሮ ምን ሆኖ እንደሚደርስ አስቡት።

የማተሚያ ማስታወቂያ ስታወጡ ደሞ ባለቤቶቹን «60 በ90 በዚህ ዋጋ» ብቻ ሳይሆን በምን ወረቀት ላይ እንደሆነና ፎቶውን ሳይጠይቁ ይነካኩት እንደሆነ አብረው እንዲጽፉ ብትነግሯቸው ደስ ይለናል።

አዲሱ ፎቶ ተሰቅሏል፣ ወንድሜም ግንባሩ ተመልሶለታል። የመጀመሪያው አልጋ ስር ነው፣ ልጥለው ስል እማዬ እምቢ አለች፣ «የሰው ፎቶ አይጣልም፣ ሴትየዋ ልትፈልገው ትችላለች» ብላ።

አንባቢያችሁ
ከሐዋሳ