ካሜራው ከድጎማው ቀደመ

የተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣ ጤና ይስጥልኝ።

የምጽፍላችሁ ከለንደን ነው። ሥራዬ ሚኒካብ፣ ማለትም አስቀድሞ ተጠርቶ የሚመጣ ታክሲ፣ መንዳት ነው። እዚህ ከተማ ውስጥ ጭሱ ከተፈቀደው ልክ ያለፈ መኪና የሚነዳ ሰው በቀን 12 ፓውንድ ከ50 ይከፍላል፤ ነገሩ ከተጀመረ ዓመታት ቢያልፉም ሐበሻ በተሰበሰበበት ሁሉ ክርክሩ አልበረደም። አንዱ «ዝርፊያ ነው» ይላል፣ ሌላው «ለልጆችህ ሳንባ ነው» ብሎ ይመልሳል፣ ከዚያ በኋላ ማንም ማንንም አይሰማም። ሰሞኑን ደግሞ ወሬው ወደ አገር ቤት ዞሯል። አዲስ አበባም እንዲህ ማድረግ አለባት የሚሉ ሰዎች ይገጥሙኛል። እነሱ ከመቸኮላቸው በፊት እዚህ ምን እንደሆነ ቢሰሙ ጥሩ ነው።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል። ክፍያውን አልቃወምም። የምቃወመው ቅደም ተከተሉን ነው።

አሠራሩን ለማያውቅ ባጭሩ። ስሙ ዩሌዝ ይባላል። በኤፕሪል 2019 በመሀል ከተማው ብቻ ተጀመረ (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)፣ በኦክቶበር 2021 እስከ ሰሜንና ደቡብ ሰርኩላር መንገዶች ሰፋ፣ በኦገስት 29 ቀን 2023 መላውን ለንደን ያዘ። ኬላ የለም፣ የሚያስቆም ፖሊስም የለም። ካሜራ ታርጋህን ያነባል፣ አለቀ። ቤንዚን ከሆነ በጥቅሉ ከ2006 ወዲህ የተመዘገበው ያልፋል፤ ናፍጣ ከሆነ ግን ከሴፕቴምበር 2015 ወዲህ ነው። ስለዚህ የ2007 ቤንዚን ያሪስ በነጻ ሲንሸራሸር የ2014 ናፍጣ መርሰዲስ ይከፍላል። (በቶዮታ ፍቅራችን ስንት ሲቀለድብን ኖረን፣ እዚህ ላይ አተረፍን። ፕሪየስ የያዘው የሚኒካብ ሾፌር ሁሉ ያኔ ፈገግ ብሎ ነበር።) መሀል ከተማ ለመግባት የሚከፈለው የመጨናነቅ ክፍያ ሌላ ነው፣ እሱ ከ2003 ጀምሮ ያለ ነው። ሁለቱን የሚያምታቱ ብዙ ናቸው።

«ዝርፊያ ነው» ለሚሉት ወንድሞቼ መጀመሪያ ልመልስ። ኤላ አዱ-ኪሲ-ዴብራ የምትባል የ9 ዓመት ልጅ ነበረች። የምትኖረው ሉዊሻም ውስጥ፣ ሳውዝ ሰርኩላር ከሚባለው ሌት ተቀን መኪና ከማይጠፋበት መንገድ አጠገብ ነበር። በአስም ስትሰቃይ፣ ሆስፒታል ስትገባና ስትወጣ ቆይታ በፌብሩዋሪ 2013 ሞተች። እናቷ ግን ዝም አላሉም። ዓመታት ተሟግተው በዲሴምበር 2020 መርማሪው ዳኛ የአየር ብክለት ለሞቷ ምክንያት ከሆኑት አንዱ ነው ብሎ ወሰነ። በእንግሊዝ አገር እንዲህ ተብሎ በሞት የምስክር ወረቀት ላይ ሲጻፍ የመጀመሪያዋ እሷ ናት። ያቺን መንገድ ስንቶቻችን በየቀኑ እንነዳባታለን! ደግሞ ማን ነው በእንዲህ ያለ መንገድ ዳር የሚኖረው? ሀብታሙማ ዛፍ ያለበት ሰፈር ነው ያለው። ከዋና መንገድ ዳር ባለው የቀበሌ ፎቅ ውስጥ ያለነው እኛ ነን፣ ጋናዎቹ ናቸው፣ ሶማሌዎቹ ናቸው። ከነዚህ ቤቶች ውስጥ ብዙዎቹ ጭራሽ መኪና የላቸውም። ሌላው በሚነዳው መኪና ጭስ ልጃቸው ታስላለች። ስለዚህ ክፍያው «በደሃው ላይ የመጣ ነው» ሲባል ግማሹን ደሃ ረስተን ነው።

ታዲያ የምቆጣው ለምንድን ነው? በ2001 የእንግሊዝ መንግሥት የመኪና ዓመታዊ ግብርን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር አያያዘው። ናፍጣ በካርቦኑ በኩል ይሻላል፣ ስለዚህ ግብሩ ቀለለ፣ ሰዉም ናፍጣ ገዛ። ናፍጣ ስለሚተፋው ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድና ጥላሸት ያኔ ብዙም ቁብ የሰጠው አልነበረም። ዓመታት አልፈው ደግሞ ናፍጣ ነው ጠላቱ ተባለ። ይሁን፣ ሳይንስ ይሻሻላል። ግን መኪናው በዚህ መሀል ስንት እጅ ቀየረ? አዲሱን ከኩባንያ ያወጣው ሰው ሸጦት አሁን ኤሌክትሪክ ውስጥ ገብቷል። ሁለተኛውም ሸጦታል። ካሜራው የደረሰው በርካሽ ባገኘው በሦስተኛው እጅ ላይ ነው፤ ሕንጻ የሚያጸዳው፣ እንጀራ በየሱቁ የሚያደርሰው፣ ሽማግሌ ለመንከባከብ ከቤት ቤት የሚዞረው ወገናችን ላይ።

ድጎማ አልነበረም አልልም። አሮጌ መኪናውን አስረክቦ ለሚያስጨፈልቅ እስከ 2,000 ፓውንድ ይሰጥ ነበር። ግን በጃንዋሪ 2023 ሲጀመር የተፈቀደው የተወሰኑ የመንግሥት እርዳታዎችን ለሚያገኙ፣ ለአካል ጉዳተኞች፣ ለአነስተኛ ነጋዴዎችና ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች ነበር። ሠርቶ የሚያድር፣ እርዳታ የማይቀበል፣ ግን ባንኩ ውስጥ የወር ወጪ እንኳ የሌለው ሰው መሀል ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ብዙዎቻችን እዚያ ውስጥ ነን። ለማንኛውም የለንደን ነዋሪ በሩ የተከፈተው መቼ ይመስላችኋል? ኦገስት 21። ክፍያው ኦገስት 29 ጀመረ። ስምንት ቀን! በስምንት ቀን ውስጥ ማመልከቻ ሞልተህ፣ መልስ ጠብቀህ፣ መኪና ፈልገህ፣ ያውም ፈላጊ በበዛበት ሰሞን ዋጋ ተከራክረህ ግዛ። ይህ ከዓመት በፊት ቢከፈት ኖሮ የክርክሩ ግማሽ ባልተነሣ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ሌላው የሚያበሽቀኝ የቀን አቆጣጠሩ ነው። የክፍያው ቀን ከእኩለ ሌሊት እስከ እኩለ ሌሊት ነው። ማታ በአራት ሰዓት ለሥራ የወጣች የጽዳት ሠራተኛ ንጋት ላይ ስትመለስ ሁለት ቀን ነድታለች፤ ለአንድ ፈረቃ 25 ፓውንድ ሊመጣባት ነው። ጠዋት ወጥቶ ማታ የሚገባው የቢሮ ሰው 12 ፓውንድ ከ50 ይከፍልና ያልቃል። ሌሊት የሚሠራው ማን እንደሆነ ለማንም የተሰወረ አይደለም። ይህን ማስተካከል ደግሞ ለአየሩ ምንም አይጎዳም፣ የኮምፒውተር ጉዳይ ነው። አንድም ባለሥልጣን የምር ሲይዘው አላየሁም።

ደብዳቤውም አለ። ታርጋህን አውቶ ፔይ በሚባለው በራሱ በሚቆርጠው ክፍያ ካላስመዘገብክ፣ ራስህ አስታውሰህ ከነዳህበት ቀን በኋላ እስከ ሦስተኛው ቀን እኩለ ሌሊት ድረስ በኢንተርኔት ወይም በስልክ መክፈል አለብህ። ካለፈ ቅጣቱ 180 ፓውንድ ነው፣ በ14 ቀን ከከፈልክ 90። ችላ ካልከው 270 ይገባል። ትልልቅ እናቶችና አባቶች ነገሩን መጀመሪያ የሚሰሙት ፖስታው በር ስር ሲገባ ነው፤ አንዳንዱም «የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ነው፣ ልጄ ስትመጣ ታነበዋለች» ብሎ መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል። ልጆች ሆይ፣ እባካችሁ የወላጆቻችሁን ታርጋ ዛሬውኑ በትራንስፖርት ፎር ለንደን (የከተማው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት) ድረ ገጽ ላይ አስገብታችሁ አረጋግጡ። በጎግል ሲፈለግ ከላይ የሚወጣው ሁሉ የመንግሥት ገጽ አይደለም፣ ተጨማሪ የሚያስከፍሉ አሉ።

ስለ ፖለቲካው ብዙ አልልም። አምስት የአካባቢ ምክር ቤቶች ከንቲባውን ፍርድ ቤት አቁመው በጁላይ 2023 ተረቱ። በዚያው ወር በምዕራብ ለንደን አክስብሪጅ ላይ በተደረገ የፓርላማ ማሟያ ምርጫ የከንቲባው ፓርቲ ሌበር በ495 ድምፅ ብቻ ተሸነፈ፣ ምክንያቱ ዩሌዝ ነው ተባለ። ካሜራ በመጋዝ የሚቆርጡም ተነሡ፣ ይሄ የጅል ሥራ ነው። ከዚያ በሜይ 2024 እኚያው ከንቲባ፣ ሳዲቅ ካን፣ ለሦስተኛ ጊዜ ተመረጡ። ሰዉ ለመደው ማለት ነው። የከተማው አስተዳደር በ2025 ባወጣው ሪፖርት ከ100 መኪና ከ96 በላዩ መስፈርቱን ያሟላል፤ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይዱም ዩሌዝ ባይኖር ይሆን ከነበረው በ27 በመቶ ቀንሷል ይላል። መስኮት ከፍቼ የምውል ሰው ነኝና ልዩነቱን አልክድም። የሚያሟላው ሲበዛ የሚከፍለው ያንሳል፣ ስለዚህ ዘላለም ገንዘብ ማለቢያ ነው የሚለውም ብዙ አያስኬድም። ብቻ ጥቁሮቹ ታክሲዎች ናፍጣም ሆነው ከዩሌዝ ነጻ ሲሆኑ እኛ ሚኒካቦቹ አለመሆናችንን እስከ ዛሬ ያስረዳኝ የለም።

ሌላ መንገድ አልነበረም ለሚል ማንችስተርን ይይ። ለታክሲ፣ ለቫንና ለጭነት መኪና ክፍያ በ2022 ሊጀምሩ ካሜራው ሳይቀር ተሰቅሎ ነበር። ሾፌሮች ጮኹ፣ እቅዱ ቆመ። በጃንዋሪ 2025 መንግሥት ያለ ክፍያ የሚሄደውን እቅድ ተቀበለ፤ ገንዘቡ ለንጹህ አውቶቡሶችና ታክሲዎችን ለማሻሻል እንዲውል ማለት ነው። ያዋጣ እንደሆነ እናያለን። ቢያንስ ግን ከጫፍ ሆኖ የጮኸውን ሰው ሰምተዋል።

ወደ አዲስ አበባ ልምጣ። ኢትዮጵያ በ2024 መጀመሪያ የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና ማስገባትን ከልክላለች፣ መብራታችንም በአብዛኛው ከውሃ ነው፤ አካሄዱ ከብዙ ሀብታም አገር ይቀድማል። መንገዱ ላይ ያለው መኪና ግን ትናንት የገባው አይደለም። ሃይሩፉ፣ ቅጥቅጡ፣ አይሱዙው ገና ብዙ ዓመት ይሠራል፤ አዲስ መግዣ ሲጠፋ አሮጌው ነው የሚጠገነው። እዚህ ላይ እንደ ለንደን ካሜራ ሰቅላችሁ ክፈል ብትሉት ማን ነው የሚከፍለው? ባለቤቱ ከሾፌሩ፣ ሾፌሩ ከተሳፋሪው ያወጣዋል። ታሪፉ ወረቀት ላይ እንዳለ ይቆያል፣ ዝናብ ሲጥል ወያላው ስንት ብሎ እንደሚጠራ ግን ሁላችን እናውቃለን። ለንደን መኪናውን የተወ ሰው ሌሊቱን ሙሉ የሚሠራ አውቶቡስ አለው፣ ከመሬት በታች ባቡር አለው። መገናኛ ላይ ማታ አንድ ሰዓት የተሰለፈው ሰው ምን አለው?

እኔ ብጠየቅ በቦሎ እጀምራለሁ። ዓመታዊ ምርመራ አለ፣ ሕግ አለ፣ ባለሙያ አለ። ቦሎ ለጥፎ እንደ ከሰል ማክሰያ የሚያጨስ መኪና ግን ያላየ የአዲስ አበባ ሰው የለም። ጭሱን የምር ለክቶ የሚጥል ምርመራ ይኑር፤ የወደቀው ባለሚኒባስ ደግሞ ሞተሩን የሚያሳድስበት ወይም ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይርበት ብድር ከምርመራው በፊት ባንክ ይጠብቀው። አውቶቡስ ይጨመር። ስለ ካሜራ ከዚያ በኋላ እናውራ፣ ያኔ እኔም እደግፋለሁ።

እናንተን አንድ ነገር ልለምን። በለንደን የአካል ጉዳት ጥቅማ ጥቅም የሚያገኙ ሰዎች፣ ወይም የሚነዳላቸው ሰው፣ አስመዝግበው እስከ ኦክቶበር 2027 ድረስ ከዩሌዝ ነጻ የሚሆኑበት የእፎይታ ጊዜ አለ። በራሱ አይመጣም፣ ማመልከት ያስፈልጋል። ይህን ሳያውቁ በየቀኑ የሚከፍሉ አረጋውያን በቤተ ክርስቲያናችን ብቻ እንኳ አጋጥመውኛል። በአማርኛ አንድ ሩብ ገጽ ብታወጡልን ቆርጠን በየአዳራሹ እንለጥፈዋለን።

አንባቢያችሁ፣ ከደቡብ ለንደን