ስለሚዞረው የአየር ማሞቂያ፣ ከቅዳሜው ጨዋታ የቀረው

ሰላም ወዳጆች፣

ቅዳሜ ፒያሳ ቡና እየጠጣን የጀመርነውን ጨዋታ ዝናቡ በተነው። ቀሪውን እነሆ።

ነገሩ ቀላል ነው። በጭስ ማውጫው በከንቱ የሚሄደው ሙቀት ወደ ቦይለሩ፣ ማለትም ውሃ አፍልቶ እንፋሎት ወደሚያወጣው ምድጃ፣ የሚገባውን አየር ያሞቃል። ስዊድናዊው ፍሬድሪክ ዩንግስትሮም እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1920 ሥራ ላይ ያዋለው መሣሪያ በቀጫጭን ቆርቆሮ የታጨቀ ትልቅ ሮተር (ተሽከርካሪ ከበሮ) ነው። በደቂቃ ከ1 እስከ 3 ጊዜ ብቻ ይዞራል። በጭሱ በኩል ይግላል፣ በአየሩ በኩል ሙቀቱን ያስረክባል። የጭሱ ሙቀት በ20 ዲግሪ ሲቀንስ የቦይለሩ ብቃት በግምት 1 በመቶ ይጨምራል። በዛሬው የነዳጅ ዋጋ ይሄ ቀልድ አይደለም።

ጣጣው ማፍሰሱ ነው። የአየሩ ግፊት ከጭሱ ስለሚበልጥ አየር በጠርዙ ሾልኮ ወደ ጭሱ ያመልጣል። አየሩን የሚነፋው ፋን በከንቱ ይለፋል፣ መብራት ይበላል። ሮተሩ ሲግል ደግሞ እንደ ተደፋ ሰፌድ ጠርዙ ወደ ታች ይጎብጣል። ስለዚህ በቀዝቃዛው ያስተካከላችሁት ማሸጊያ (የሮተሩን ዳር ክፍተት የሚዘጋው) ሲሞቅ ክፍተት ያወጣል። መፍትሔው ድርብ ማሸጊያ፣ አቅም ካለ ደግሞ ክፍተቱን በሴንሰር እየለካ የሚከተል ማሸጊያ ነው። እኔ በድርቡ እጀምር ነበር፤ ሴንሰሩ አቧራና ሙቀት ይፈራል።

ከባድ ጥቁር ናፍጣ የምታነዱ፣ ጭሱ በሚወጣበት ቀዝቃዛው ጫፍ ላይ ከጭሱ የሚፈጠር አሲድ ቆርቆሮውን ይበላዋል። በኢናሜል (እንደ መስታወት ባለ ሽፋን) የተለበጠ ይሻላል።

ለትንንሾቹ የፋብሪካ ቦይለሮቻችን ግን ይሄ ሁሉ ይበዛል። መጀመሪያ ኢኮኖማይዘር (በጭሱ ሙቀት ወደ ቦይለሩ የሚገባውን ውሃ የሚያሞቅ) ይታሰብ።

የፊታችን ቅዳሜ 9 ሰዓት፣ እዚያው። ያረጀ ማሸጊያ ፎቶ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ።