ፖይንተር ወይስ ቪዝላ? ለኮምቦልቻው አንባቢ

ይድረስ ለአዘጋጆቹ፣

ባለፈው እትም የወጣው የኮምቦልቻው አንባቢ ጥያቄ እኛ ቤት እራት ላይ አጨቃጭቆናል። ልጆቹ ሯጮች ናቸው፣ እሱም እሑድ ቤት መዋል አይሆንለትም፣ እና ከሁለቱ የአደን ውሾች፣ ከጀርመኑ አጭር ፀጉር ፖይንተርና ከሃንጋሪው ቪዝላ፣ የቱን ልውሰድ ነው የሚለው። እናንተ "ሁለቱም ጎበዝ ናቸው" ብላችሁ አለፋችሁት። ኧረ ይሄ መልስ አይደለም!

እኔ ደሴ ላይ ፖይንተር ሳሳድግ አራተኛ ዓመቴ ነው። ቪዝላን ያወቅኋት ደግሞ ኮምቦልቻ ይሠራ የነበረ አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ ለእረፍት ሲሄድ ሁለት ወር እኛ ጋ ስለተዋት ነው።

በሥራ ብዙም አይለያዩም። ሁለቱም ወፍ አሽትተው ያገኛሉ፣ ቆመው ያመለክታሉ፣ የተመታውን ከየብስም ከውሃም አምጥተው ያስረክባሉ። እዚህ ያለ ፈቃድ ማደን ክልክል ስለሆነ የኔው ዕድሜ ልኩን ሥራ ፈት ነው። ደሙ ግን አልረሳም። ገና የሰባት ወር ቡችላ ሳለ የጎረቤት ዶሮ በአጥር ሾልካ ገባች። ውሻው ባለበት ደረቀ። አንድ የፊት እግሩን አጥፎ አነሳ፣ ጭራው ቀጥ አለ፣ የሚንቀሳቀሰው አፍንጫው ብቻ ነው። "ተው!" ከማለቴ በአፉ ይዟት መጣና እግሬ ሥር አስቀመጣት። ላባዋ በምራቅ ርሷል እንጂ አንድ ጭረት የለባትም። ባለቤቷ ግን "ከዚያ ወዲህ እንቁላል አቆመች" ብለው ሁለት ጊዜ አስከፍለውኛል።

ልዩነቱ የሚመጣው ሲመሽ ነው። ፖይንተር ከላይኛው ፀጉሩ ሥር ጠቅጠቅ ያለ አጭር ፀጉር አለው። ቪዝላ ይሄ የላትም። ደሴ ደግሞ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ የታኅሣሥን ሌሊት የሚያውቅ ያውቀዋል። የመጀመሪያውን ቀን ገለባ አንጥፈን ውጭ አሳደርናት፣ እስኪነጋ አለቀሰች። ባለቤቴ "ውሻ ቤት አይገባም" የምትል ሴት ናት። በማግስቱ በአሮጌ ጋቢ ጠቅልላ ማድ ቤት አስተኛቻት። ከዚያ በኋላማ ተጣበቀች! ቡና ሲፈላ ረከቦቱ ሥር፣ ሽንት ቤት ሲኬድ በሩ ላይ። አንድ ቀን ሁላችንም ለቅሶ ሄደን ስንመለስ የሳሎኑን በር መቃን ግማሹን በልታዋለች። ሰውም ትወዳለች፣ ያገኘችውን ትልሳለች። ሰፈራችን ያሉት ሐጂ ውዱእ አድርገው ለዙህር ሲያልፉ ዘላ ልብሳቸውን ላሰቻቸው። ምንም ሳይናገሩ ሊታጠቡ ተመለሱ፣ እኔ ግን መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ፖይንተሩ ትንሽ ራሱን የቻለ ነው። ብቻውን ሲውል በር አይበላም፣ ካልሮጠ ግን ጎመን መደቡን ያርሰዋል። ጠዋት 12 ሰዓት ከልጄ ጋር ወደ ጦሳ ተራራ ይወጣል፣ አንድ ሰዓት ተኩል ሮጦም "በቃኝ" አይልም። ገዘፍም ይላል። ወንዱ እስከ 32 ኪሎ ይደርሳል፣ ቪዝላ ከ29 ብዙም አያልፍም። ስለዚህ ማሰሪያውን ለትንሽ ልጅ አትስጥ። ደግሞ ፀጉር አለው ብለህ ሌሊቱን ሜዳ ላይ እንዳትተወው፣ ብርዱ ቢቀር ጅቡ አለ።

እና ወንድሜ፣ አብሽር፣ አንተ ከሐረጎ ቁልቁለት በታች ነህ፣ ብርዱ አያስጨንቅህም። ቀን ቤት የሚውል ሰው ካለና ውሻ ሳሎን መግባቱን ከፈቀዳችሁ ቪዝላ ውሰድ። ሁላችሁም ጠዋት ወጥታችሁ ማታ የምትገቡ ከሆነ፣ ሰፊ ግቢና በየቀኑ የሚያሮጠው ሰው ካለ ፖይንተር። በሰንሰለት ልታስረው ካሰብክ ሁለቱንም ተው። በኮምቦልቻ ሙቀት ደግሞ ቀትር ላይ አታሩጥ።

ስትገዛ እናቲቱን ካላየህ ብር አታውጣ። እኔ መጀመሪያ "ንጹሕ ፖይንተር" ተብዬ የገዛሁት ቡችላ በአምስት ወሩ ጆሮው እንደ ቀበሮ ቀጥ ብሎ ቆመ። የፖይንተር ጆሮ የሚንጠለጠል ነው! የእብድ ውሻ ክትባቱንም በየዓመቱ አስወጋ።

ይህን ስጽፍ ልጄ በትከሻዬ አንብባ "ቪዝላዋን በድለሃታል፣ መሐንዲሱ ሲወስዳት ማን እንዳለቀሰ ለምን አትጽፍም?" አለችኝ። ያለቀሰችው ባለቤቴ ናት። ጋቢውንም አብራ ሰጥታታለች።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ