የዒላማ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ክበባችን ሲቋቋም «ጎልፍ ለባለሀብት እንጂ ለጦሳ ተራራ ግርጌ ልጆች ምን ይፈይዳል?» የሚል አስተያየት ከመምህራን ማረፊያ ሳይቀር እንደተሰነዘረ አንባቢ ያስታውሳል። መልሳችን ያኔም ዛሬም አንድ ነው። እኛ የምንለማመደው ፓቲንግን፣ ማለትም ኳስን መሬት ለመሬት አንከባልሎ ጉድጓድ የማስገባቱን ክፍል ብቻ ሲሆን፣ ይህም ከጉልበት ይልቅ መስመር የማስተካከል ሥራ ስለሆነ ከጂኦሜትሪ ትምህርታችን የራቀ አይደለም። የጎልፍ ጉድጓድ ስፋቱ 108 ሚሊሜትር ነው። ወደ መሐሉ የታለመች ኳስ ከመስመሯ በ1 ዲግሪ ብትዛነፍ፣ 3 ሜትር ስትደርስ ከመሐሉ 52 ሚሊሜትር ያህል ርቃ የጉድጓዱን ከንፈር ትነካለች፤ ከ6 ሜትር ግን ስሕተቱ እጥፍ ስለሚሆን ፈጽማ ትስታለች። ይህን ስሌት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቻችን ራሳቸው ሠርተውታል።

ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ያለውን ቦታ ደልድለን፣ የአንድ ተማሪያችን አያት ልክ እንደ አውድማ በእበት ለቅልቀውልን መለማመጃ አገኘን። ስብሰባዎቻችን ዘወትር ዓርብ ተካሂደዋል፤ ቃለ ጉባኤው በጽሕፈት ቤት ይገኛል። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ልጆቹ ፓተሩን፣ ማለትም ኳስ የሚያንከባልሉበትን የጎልፍ ዱላ፣ እንደ ገና ዱላ እንዳይሰነዝሩት በመለመን አለፉ። ከዚያ በኋላ ከኳሷ በላይ ሲባጎ ወጠርን፤ ከኳሷ በጥቂቱ ብቻ በሚሰፋ ርቀት ሁለት ምስማር ተክለን በመካከላቸው ማሳለፍን ተለማመድን፤ በኳሷ ላይ በእስክሪብቶ ያሰመርነውን መስመር ወደ ዒላማው ማዞርንም ተማርን። ከሁሉ የጠቀመን ግን ሩቁን ጉድጓድ ትቶ፣ በመስመሩ ላይ ከኳሷ ሁለት ስንዝር ያህል የምትርቅ አንዲት ምልክት መርጦ የፓተሩን ግንባር በእርሷ ላይ ማቅናት ነው። ከስሕተታችን አብዛኛው ኳሷ ከመመታቷ በፊት፣ ገና ስንቆም የተፈጠረ መሆኑን ያየነው በዚህ ነው።

ወደ ሐይቅ ያደረግነውን ጉዞ ግን በአጭሩ ላልፈው አልችልም። በሐይቁ ዳር ባለው ሣር ላይ ጉድጓድ ቆፍረን ስንጫወት፣ ሜዳው ወደ ውሃው ያዘነብላል ብዬ ሁሉም ከዒላማው ወደ ላይ አድርገው እንዲያነጣጥሩ አዘዝኩ። ኳሶቹ ግን ተራ በተራ በላይ በኩል አለፉ። ቅዳሜና እሑድ ከግንበኛ አባቷ ጋር የምትውል አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ጫማዋን አውልቃ፣ በመስመሩ ግራና ቀኝ እግሯን አንፈራጥጣ ዓይኗን ጨፈነችና «ቲቸር፣ እዚህ ጋ ሜዳው ወደ ተራራው ነው የሚያዘቀዝቀው» አለችኝ። አላመንኳትም። ከቦርሳዋ የአባቷን ውሃ ልክ አውጥታ መሬት ላይ ብታስቀምጠው እውነትም እንዳለችው ሆነ። ልትመታ ስትዘጋጅ መስመሩን ለማየት ከኋላዋ ብቆም ደግሞ «ከኋላዬ አይቁሙ፣ ሕጉ ይከለክላል» ብላ መለሰችኝ። በእርግጥም ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተጫዋች ረዳት በዚያ ቦታ እንዳይቆም የጎልፍ ሕግ ይከለክላል፤ ያስተማርኳትም እኔው ነበርኩ። ኳሷ ገባች። እኔም ፊቴን ወደ ሐይቁ አዙሬ ጥቂት ቆየሁ።

ያልተሳካልንም አለ። ከጎረቤት ትምህርት ቤት ጋር የታሰበው ግጥሚያ መኪና ባለመገኘቱ ቀርቷል። ካሉን ሁለት ፓተሮች አንዱ መጋቢት ላይ አንገቱ ተሰብሮ በብየዳ ቢጠገንም ግንባሩ ተዛንፏል፤ ስለዚህ የዒላማ ክበብ ዓመቱን የጨረሰው በአንድ ቀጥተኛና በአንድ ጠማማ ፓተር ነው። የእግር ኳስ መረብ በየዓመቱ እንደሚታደስ እያየን ይህን መጻፋችን ቅናት እንዳይመስልብን እንለምናለን።

ክረምቱ ልቅልቁን ማጠቡ አይቀርም። መስከረም ላይ እበቱንም ጉልበቱንም እኛው እናቀርባለን፤ ከወላጆችና ከቀድሞ ተማሪዎች የምንጠይቀው ሦስት ፓተሮችን ነው። ያሉን ሁለቱም ለቀኝ እጅ የተሠሩ በመሆናቸው ዓመቱን ሙሉ ተገልብጠው የተጫወቱ ሁለት ልጆች አሉንና፣ ከሦስቱ አንዱ የግራኝ ቢሆን መልካም ነው።