ለተከራይ ተማሪዎቻችን የማታ ማጥኛ ቤት እንክፈት

ደብረ ማርቆስ የኖራችሁ ሁሉ ታውቋቸዋላችሁ። ከሲናን፣ ከማቻክል፣ ከአነደድ ገጠር መጥተው አንዲት ጠባብ ክፍል ለሦስት ተከራይተው የሚማሩ ልጆች ናቸው። ስንቃቸው ከገበያተኛ ጋር ይመጣል፤ በሶ፣ ድርቆሽ፣ አንዳንዴ ድንች። ብዙዎቻችሁም እንዲሁ ነው የተማራችሁት።

ስንቁ ቢጎድል ጎረቤት አይጠፋም። ጭንቀታቸውን ግን ማን ይጠይቃቸዋል? በግጭቱ ምክንያት ትምህርት ሲቋረጥ ሲቀጥል ከረመ። መንገድ ሲዘጋ ስንቁም የቤት ወሬም ይቀራል። በዚያ ላይ የ12ኛ ክፍል ፈተና አለ። በ2015 ዓ.ም. በአገር ደረጃ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.2 ብቻ ነበሩ። ልጁ ግን ብቻውን የወደቀ ይመስለዋል። አባቱ በሬ ሸጦ ያስተማረው ከሆነማ አገር ቤት መግባቱም ያሳፍረዋል። እንቅልፍ ያጣል፣ ከጓደኛ ይሸሻል። እኛ ደግሞ «ሰነፈ» እንላለን።

«ጠንካራ ልጅ ይቋቋመዋል» የምትሉ አትጠፉም። ጥንካሬው ግን ከየት ይመጣል? በሃዋይ፣ በካዋኢ ደሴት በ1955 እ.ኤ.አ. የተወለዱ ልጆችን ለአሥርት ዓመታት የተከታተለ ጥናት አለ። በድህነትና በቤተሰብ ችግር ካደጉት ሲሦ ያህሉ ደህና ሆነው ወጡ። ከረዷቸው ነገሮች አንዱ፣ የሚያስብላቸው ቢያንስ አንድ ትልቅ ሰው በአጠገባቸው መኖሩ ነው። የእኛስ የቆሎ ተማሪ፣ በእንተ ስማ ለማርያም ብሎ ቁራሽ ለምኖ የሚዘልቀው ብቻውን ነው እንዴ? የጎጆ ጓደኛ አለው። ታላቁ ያስጠናዋል፣ ሲታመም ያስታምመዋል። ቁራሽ የምትሰጠውም እናት ሲቀር ትጠይቃለች።

የዕድራችን ኮሚቴ ሁለት ክፍል ቤት ሊከራይ ነው። ማታ ማታ መብራት፣ ጠረጴዛ፣ ሻይና ንፍሮ ይኖራል። ከፍ ያሉት ተማሪዎች ታናናሾቹን ያስጠናሉ። ጡረታ የወጡ መምህራን በተራ ይቀመጣሉ፤ ሥራቸው ምክር ማዝነብ ሳይሆን ማዳመጥ ነው። ለዚህም የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያሠለጥናቸዋል። ራሱን ስለመጉዳት የሚያወራ ልጅ ካለ ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል ይወሰዳል። ጠበል የሚሄድም አይከለከልም፤ ሁለቱ አይጣሉም።

የሚያስፈልገን የዓመት ኪራይ፣ ወንበርና ጠረጴዛ፣ መብራት ሲጠፋ የሚያገለግል ሶላር፣ የሥልጠናው ወጪና ወላጅ ዘንድ የሚደወልበት የሞባይል ካርድ ነው። ገንዘቡን ለዕድሩ ገንዘብ ያዥ ስጡ፤ ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትሂዱ። ገቢና ወጪው በየወሩ በር ላይ ይለጠፋል። ጤፍም ባቄላም እንቀበላለን። ውጭ አገር ያላችሁ በዘመድ በኩል ላኩ። ጡረተኛ መምህራን ደግሞ በሳምንት አንድ ማታ ስጡን፤ ከሁሉም የቸገረን እሱ ነው።