ፔርሙዙና ሁቲዎቹ፦ ከአዳማ ለመንግሥት ኮሙኒኬሽን ኃላፊዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለመንግሥት ኮሙኒኬሽን ኃላፊዎች
ካላችሁበት

የአንድ መሥሪያ ቤት ስም ያልጠራሁት አውቄ ነው። ከፌዴራል እስከ ወረዳ በሩ ላይ «ኮሙኒኬሽን» የሚል ለተጻፈበት ቢሮ ሁሉ ነው የምጽፈው። አዳማ የምኖር ትራንዚተር ነኝ፤ የሰው ዕቃ ከጉምሩክ አስጨርሳለሁ። ጠዋት ሞጆ ደረቅ ወደብ እሄዳለሁ፣ ከሰዓት ወደ አዳማ እመለሳለሁ። በመሀል የጉምሩክ ዲክላራሲዮን እሞላለሁ፣ ማህተም እጠብቃለሁ፣ ሹፌር ጠፋብኝ ብዬ ስልክ እደውላለሁ። ታናሽ ወንድሜ የተሳቢ ሹፌር ነው፤ ሕይወቱ ከጅቡቲ ወደ ሞጆ፣ ከሞጆ ወደ ጅቡቲ ነው። ስለዚህ የዓለም ዜና ለቤታችን የማታ መዝናኛ አይደለም። እናቴ ዜና የምትሰማው ልጇ የት ጋ እንደደረሰ ለመገመት ነው።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ፔርሙዝ ነው።

በ2016 ታኅሣሥ ላይ ለእናቴ ፔርሙዝ ልገዛ ገበያ ወጣሁ። አንዱን ሱቅ ከሳምንት በፊት ጠይቄው ነበር። ስመለስ ያው ፔርሙዝ፣ ያው መደርደሪያ ላይ፣ 200 ብር ጨምሮ ጠበቀኝ። ምነው ስለው ባለሱቁ አዘነልኝ። «እህቴ፣ ዜና አትሰሚም እንዴ? ሁቲ መርከብ እየመታ እኮ ነው! ቀይ ባሕር ተዘግቷል» አለኝ። ፔርሙዙን አንስቼ ገለበጥኩት። ቂጡ ላይ በቻይና የተሠራ ይላል። ትከሻው ላይ በጣት የሚጻፍበት አቧራ አለ። ይህ ፔርሙዝ ሁቲዎች ገና ሳያስቡት አዳማ የገባ ነው።

ዜናው ውሸት አልነበረም። ሁቲ የሚባሉት የየመን ታጣቂዎች ኅዳር 9 ቀን 2016 ዓ.ም. «ጋላክሲ ሊደር» የተባለችውን መርከብ በሄሊኮፕተር ወርደውባት ያዙ። ከዚያ ወዲህ ከ100 በላይ የንግድ መርከቦችን አጠቁ። ትላልቆቹ የመርከብ ድርጅቶች የስዌዝን ቦይ ትተው አፍሪካን በደቡብ በኩል መዞር ጀመሩ። ዙሩ ጉዞውን ከ10 ቀን በላይ ያረዝመዋል። በአካባቢው የመርከብ ኢንሹራንስም ተወደደ። ይህ ሁሉ እውነት ነው።

ግን ካርታ እንይ። ባብ ኤል ማንደብ ቀይ ባሕርን ከኤደን ባሕረ ሰላጤ የሚያገናኝ ጠባብ በር ነው። የጅቡቲ ወደብ ያለው ከበሩ በስተደቡብ ነው። ከቻይና ወይም ከህንድ ቀጥታ የሚመጣ መርከብ ጅቡቲ ለመድረስ በዚያ በር ማለፍ የለበትም። ማለፍ ያለበት በስዌዝ በኩል ከአውሮፓ የሚመጣው ነው። ማለት፣ የእናቴ ፔርሙዝ ሁቲን በሩቁም አላየውም። አዎ፣ የመርከብ መስመሮች ሲዘበራረቁ ለሁሉም ዕቃ መዘዙ ይተርፋል። ባለሱቁ ጨርሶ ዋሽቷል አልልም። ግን ያ ኪራይና ያ ኢንሹራንስ ገና የሚመጣውን ዕቃ ነው የሚያስወድደው፤ አቧራ የጠጣውን አይደለም።

ያኔ ለባለሱቁ ይህን የነገርኩት እኔ ነኝ። እሱም «አንቺ ማነሽ?» በሚል ዓይን አየኝ። እውነቱን ነው፣ እኔ ማነኝ? ይህ የእናንተ ሥራ ነበር። ወደ አገር ከሚገባው ዕቃ ከ90 በመቶ በላይ በጅቡቲ በኩል ነው የሚያልፈው። እንዲህ ባለ አገር ቀይ ባሕር ላይ ተኩስ ሲከፈት አንድ ሰው ካርታ ይዞ ብቅ ብሎ «ይኼ ይነካናል፣ ይኼ አይነካንም» ሊለን ይገባ ነበር። እኛ ጋ የደረሰው «መንግሥት ሁኔታውን በቅርበት እየተከታተለ ነው» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር ናት። ይቅርታ አድርጉልኝና፣ በቅርበት መከታተሉንማ እኛም እየተከታተልን ነው።

የት መሰላችሁ? መነኸሪያው አጠገብ የጀበና ቡና አለ። ስምንት ዱካ፣ አንድ ረከቦት፣ ሁልጊዜ ዕጣን። ጭነት የሚጠብቅ ሹፌር፣ ረዳት፣ ደላላና እኔን የመሰለ ትራንዚተር እዚያ ይሰበሰባል። «የጸጥታው ምክር ቤት» እንለዋለን። የኒውዮርኩ አምስት ባለ ቬቶ አለው፤ የእኛው አንድ ብቻ ነው። ቡና የምታፈላው ልጅ «በሉ ሂሳብ!» ስትል ስብሰባው ተበተነ። ያልተወያየንበት ጉዳይ የለም። በኅዳር 2017 መጨረሻ የሶሪያው ፕሬዚዳንት በሽር አል-አሳድ ሲኮበልሉ ቀኑን ሙሉ ደማስቆ ዋልን። ከ50 ዓመት በላይ የገዛ ቤተሰብ ሁለት ሳምንት ባልሞላ ዘመቻ ተነቀለ። አንድ ሸምገል ያለ የቦቴ ሹፌር ስኒውን አስቀምጦ «እኔ ጎማ ለመቀየር ከዚህ የበለጠ ፈጅቶብኛል» አለ። ሚሌ በረሃ ላይ መለዋወጫ ጠብቆ የሚያውቅ ሰው ቀልዱ ይገባዋል።

ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ ልዩ ነበረች። ግድባችን ሲመረቅ በአንዱ ስልክ እያየን፣ በሌላው ስልክ የኔፓል ጠቅላይ ሚኒስትር ሥልጣን ለቀቁ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ማለት ይህ ነው። እዚያ መንግሥት ፌስቡክንና ሌሎች የማኅበራዊ ሚዲያ መተግበሪያዎችን ዘጋ፤ በሙስና የተማረረው ወጣት ወጣ፤ ሰው ሞተ፤ እገዳው ቢነሳም ነገሩ ከእጅ ወጥቶ ነበር። የእኛም አገር በ2015 ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ለአምስት ወር ገደማ ሲታገዱ ምን ሆነ? የአዳማ ሕዝብ በአንድ ሳምንት እገዳ ማለፊያውን ቪፒኤን ተማረ። ቡና የምታፈላው ልጅ ለደንበኛ በነጻ ትጭን ነበር። ወሬው አልቆመም፤ ባትሪ ብቻ ነው የጨረሰው።

ወደ ቁም ነገሩ ልመለስ። የወሬው ዋጋ በብር ብቻ ቢሆን ኖሮ ደብዳቤ ባልጻፍኩ።

በ2014 ሐምሌ የሶማሊያው አልሸባብ ታጣቂዎች ድንበር ተሻግረው ሶማሌ ክልል የገቡ ጊዜ ነው። ውጊያው ከዚህ በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር የራቀ ነበር። አዳማ ላይ ግን በቴሌግራም አንድ የድምፅ መልእክት ይዞር ጀመር። የማን ድምፅ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። «ወገኖቼ፣ ተጠንቀቁ፣ መኪና አስገብተዋል» ይላል። እኔ ራሴ ሦስት ግሩፕ ላይ ደረሰኝ። አምኜ ነበር ልበል? ግማሽ በግማሽ አምኛለሁ። በዚያው ምሽት ከጅጅጋ የመጣ፣ ታርጋው «ሶማ» የሚል አንድ ሹፌር ፔንሲዮን ለመያዝ ሄደ። ክፍል አለ ተብሎ መታወቂያውን ሰጠ። አስተናጋጁ መታወቂያውን አየ፣ በበሩ በኩል መኪናውን አየ፣ ከዚያ «ይቅርታ፣ ሞልቷል» አለው። ቁልፎቹ ግን ከጀርባው ሰሌዳ ላይ ተደርድረው ተሰቅለዋል። ሰውየው ምንም አልተናገረም። ወንድሜ በቦታው ነበር፤ እሱ ነው የነገረኝ። ሹፌሩ ጋቢና ውስጥ ተኝቶ አደረ። በነጋታው ቡናው ጋ መጣ፣ ተቀመጠ፣ ከሁላችንም ቀድሞ ሂሳብ ከፈለ።

ለሹፌሮች ይህ ጉዳይ ከሌላው ሰው ይለያል። ጥቅምት 4 ቀን 2010 ዓ.ም. ሞቃዲሾ ላይ ከ500 በላይ ሰው የፈጀው ፈንጂ የተጠመደው የጭነት መኪና ላይ ነበር። ያን ቀን ቡናው ጋ ወሬ አልነበረም። የሚነዳው መኪና መሣሪያ ሲሆን ያየ ሰው ምን ይላል? ሽብርን ከእነሱ በላይ የሚፈራ የለም፤ በኬላ በኬላው የሚፈተሹትም እነሱ ናቸው። የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው። በሰዓቱ የሆነውን የሚናገር አንድ የታወቀ ድምፅ።

ሐሰተኛ መረጃን የሚቀጣ አዋጅ አለን፣ ቁጥሩም 1185/2012 ነው። እኔ አልቃወመውም። ያንን የድምፅ መልእክት የላከ ሰው ቢጠየቅ ደስ ይለኛል። ግን እውነተኛው መረጃ ሦስት ቀን ዘግይቶ ሲመጣ ማንን ነው የምንጠይቀው? የበሬ ወለደ ወሬ ባዶ ቦታ ይወዳል። ቦታውን ባዶ የተዋችሁት እናንተ ናችሁ። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 29 የሕዝብን ጥቅም የሚመለከት መረጃ የማግኘት ዕድልን ጠቅሶታል፤ ከራሴ ያመጣሁት ነገር አይደለም።

አንዴ ሞክሬያለሁ። በ2017 ሰኔ እስራኤልና ኢራን ለ12 ቀን ሲደባደቡ ነው። ያኔ የዓለም ነዳጅ አንድ አምስተኛ ገደማ ኢራን አጠገብ ባለው በሆርሙዝ ሰርጥ ያልፍ ነበር፤ የእኛም ነዳጅ የሚመጣው በዋናነት ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ነበር። ስለዚህ ፍርሃቱ ከንቱ አልነበረም። ግን በሁለተኛው ቀን አንድ የባጃጅ ልጅ «እናት፣ 10 ብር ጨምሪ፣ ኢራን ተመታለች» አለኝ። የነዳጅ ዋጋ እዚህ አገር በመንግሥት እንደሚወጣና ያኔ አዲስ ዋጋ እንዳልወጣ ብነግረው «ይወጣላ!» አለኝ። ሰርጡም ያኔ አልተዘጋም። የሆነ ቢሮ ደወልኩ፤ የቱ እንደሆነ ይቅር። ስልኩን ያነሱት ሴትዮ ትሁት ነበሩ። «ልጄ፣ እኛም በቴሌቪዥን ነው የምንሰማው» አሉኝ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው አሉ። ሴትዮዋን አልተቀየምኳቸውም፤ የነገሩኝ እውነት ነበር። እንዲያውም ከሰማኋቸው መግለጫዎች ሁሉ ግልጹ እሱ ነው።

እንግዲህ የምለምናችሁ ከባድ አይደለም። ስቱዲዮ አልጠየቅኩም፣ ባለ ክራባት መግለጫም አልጠየቅኩም። ትልቅ ነገር በተፈጠረ ዕለት ሁለት ደቂቃ የማትሞላ የድምፅ መልእክት ላኩልን። ሹፌር እየነዳ አያነብም፣ ይሰማል። በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በሶማሊኛ፣ በአፋርኛ ይሁን፤ መንገዱ ላይ ያለው ሰው የሚናገረው እነዚህን ነው። ምን እንደተፈጠረ፣ እኛን የቱ ጋ እንደሚነካን ንገሩን። ያላወቃችሁትን «ገና አላወቅንም፣ ማታ እንነግራችኋለን» በሉ፤ ማታም ንገሩን። «አናውቅም» የሚል ባለሥልጣን እንደ ነውር አይታይብን። በ2014 የዩክሬን ጦርነት የማዳበሪያና የስንዴን ዋጋ ሲያንረው የነገራችሁን ሁሉ ደርሶ አይተነዋል፤ ክፉ ዜና መስማት የሚችል ሕዝብ ነን። የሚያሳብደን የድምፁ ባለቤት አለመታወቁ ነው።

ሌላው ጥያቄዬ ትንሽ ነው፦ ካርታ። ባብ ኤል ማንደብን፣ ጅቡቲን፣ ስዌዝን፣ ሆርሙዝን የያዘ አንድ ትልቅ ካርታ በየመነኸሪያው ስቀሉ። ለአዳማው ቦታ እኔ አሳያችኋለሁ። ባለሱቁ ቆሞ ሊያየው በሚችልበት ቦታ ቢሆን ደግሞ አልጠላም።

ፔርሙዙን በመጨረሻ ገዛሁት። 120 ብር አስቀንሼ። እናቴ ዋጋውን ስትሰማ «ሁቲ ማን ነው ደግሞ?» አለች። ስነግራት ጥቂት አሰበችና ወንድሜ የት ጋ እንደደረሰ ጠየቀችኝ። የጅቡቲ ድንበሯን ጋላፊን አልፏል አልኳት። በዚያ በኩል ባሕር አለ ወይ አለችኝ።

ከእናንተ አንዱ በአዳማ የሚያልፍ ከሆነ በማለዳ ይምጣ፤ ያኔ ሁሉም ሹፌር ይገኛል። ዱካ እናስለቅቃለን፣ ቡናው በእኔ ነው። ለመናገር ግን መጀመሪያ ልጅቷን አስፈቅዱ።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት የአዳማ ትራንዚተር